ከዝንጀሮ መጣችሁ ያለን ማን ነው?

ባለፈው መስከረም መቐለ ሓወልቲ የሚገኘው የእናቴ ቤት አጥር በአንድ ጎኑ ተናደ። በትግራይ ጦርነት ዓመታት ጠጋኝ ያጣ አጥር ስለነበር ማንም አልደነቀውም። ስድሳን የተሻገሩ ግንበኛ ተጠርተው መጡ። ሰፈሩ በሙሉ «ኣቦይ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አንዱን ድንጋይ በመሮና በመዶሻ ሲጠርቡት ለሁለት ተላቀቀ፤ እሳቸውም እጃቸውን ሰበሰቡ። «ወደይ (ልጄ)፣ ና እስኪ» አሉኝ። በተላቀቀው ገጽ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ዛጎል ተለጥፏል። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነው፤ ከሥሩ ተነስተው ወደ ጠርዙ የሚበተኑት መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አቧራውን በጣታቸው ጠረግ አደረጉለትና «ማየ አይኅ» አሉ። የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ መቐለንም መሸፈኑን ድንጋዩ ራሱ መሰከረ ማለታቸው ነው።

እኔም አፌ አላርፍ ብሎ፣ ዛጎሉ ከኖኅ በብዙ እንደሚቀድም፣ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆን ተናገርኩ። ኣቦይ ቀና ብለው አዩኝ። በእሳቸው ቆጠራ ዓለም ከተፈጠረ 7,518 ዓመት ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልጋቸውም፤ በ5,500ው ላይ የዘንድሮውን 2018 መደመር ብቻ ነው። ከዚያ በትግርኛ የጠየቁኝ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «አንተም ከዝንጀሮ መጣን ከሚሉት ነህ? በዚህ ታምናለህ እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ለቅሶ ቤት ተጠይቄዋለሁ፤ ፀጉሬን ስስተካከል፣ በባጃጅ ስሄድ፣ መድኃኒት ስገዛም ተጠይቄዋለሁ። ጠያቂው ኦርቶዶክስ ይሁን ሙስሊም ወይም ጴንጤ፣ ጥያቄው ከነቃሉ አንድ ነው። በሌላው ሁሉ የማይስማሙ ጎረቤቶች በዚህ አንድ ልብ ሲሆኑ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላል። ስከራከር ብዙ ዓመት አሳለፍኩ፤ አንድም ሰው አሳምኜ አላውቅም። ዘግይቶ የገባኝ ግን፣ ሰዎቹ የሚቃወሙት ሳይንስ ያለውን ሳይሆን ሳይንስ ያላለውን አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው። ለዚያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የራሳችን ቋንቋ ብዙ አግዞታል።

«ታምናለህ» ከሚለው እንነሳ። ማመን በእኛ አፍ ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ነገር ነው፤ ሲተርፍ ለባልንጀራ ይሰጣል። ድንጋይ ወደ ላይ ሲወረወር ተመልሶ መውደቁን «ታምናለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዝግመተ ለውጥን ግን በማመን ሚዛን አስቀመጥነውና ከጸሎተ ሃይማኖት አጠገብ እንደ ሁለተኛ ሃይማኖት ቆመ። ከሁለት አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው ደግሞ የተጠመቀበትን መምረጡ አያስገርምም። «ንድፈ ሐሳብ»ም አልረዳንም። ንድፍ ማለት ገና ያልተሠራ ቤት ወረቀት ነውና «እሱ እኮ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው» ሲባል፣ ሰሚው ያላለቀ ነገር አድርጎ ቢወስደው ምን ይፈረድበታል?

ትልቁ በደል ያለው ግን «ዝንጀሮ» ላይ ነው። አገራችን ዝንጀሮ አላት፤ ጦጣ፣ ጉሬዛ፣ ከእኛ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ ጭላዳም አላት። ቺምፓንዚና ጎሬላ ግን በምድራችን የሉም፤ ስለሌሉም ቋንቋችን ስም አላወጣላቸውም። ጅራት የሌላቸው እነዚህ ትላልቅ ፍጥረቶች በፈረንጅ አፍ የራሳቸው የወል ስም አላቸው። ወደ አማርኛ ሲገቡ ግን ማደሪያ አጡና ዝንጀሮው ጉያ ተወሸቁ። ዝንጀሮ ደግሞ እናውቀዋለን፤ ማሳ የሚያወድም ሌባ ነው፣ ስሙም ስድብ ነው። ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው። ከቺምፓንዚ ጋር የምንጋራው ቅድመ አያት ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ኖረ፤ እሱም ዛሬ ያለው ቺምፓንዚ አይደለም። ከዝንጀሮና ከጭላዳ ጋር የሚያገናኘን ደግሞ ከ25 ሚሊዮን ዓመት ወዲያ ነው። የአጎት ልጅን አባት ብሎ ማስተዋወቅ በየትኛውም ሰርግ ቤት ጠብ ያስነሳል፤ እኛ ቤት ያስነሳውም ይኸው ነው።

ጠቡ የከረረበት ምክንያትም አለ። ደገኛው ዘር ቆጣሪ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የአያት ቅድመ አያቱን ስም የማያውቅ ልጅ ይታዘንለታል። በዚህ አገር «ከየት መጣህ?» የጂኦሎጂ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም፣ የክብር ጥያቄ ነው። በዚያ ላይ መቐለ በጦርነቱ ሰሞን ሰው በአውሬ ስም ሲጠራ በጆሮዋ የሰማች ከተማ ናት። «ሰው እንስሳ ነው» የሚለው የባዮሎጂ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ባለ ከተማ እንደ ቤተ ሙከራ ጸጥ ብሎ አይሰማም። ኣቦይ ዝንጀሮን ሲጠቅሱ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ንቀት ሳይሆን ቅሬታ ነበር፤ ልጃቸው አባቱን የካደ ያህል።

እስኪ በዘር ቆጣሪዎቹ ልማድ እንቁጠር። ፈረንጆች ሉሲ የሚሏት ድንቅነሽ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ለአንድ ትውልድ 25 ዓመት ብንይዝ በእኛና በእሷ መካከል 128 ሺህ እናቶች ይቆማሉ። በየሰከንዱ የአንዷን ስም እየጠራን ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ ብንጀምር፣ እሷ ዘንድ የምንደርሰው እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሰው ለቅዳሴ ሲወጣ ነው። ድንቅነሽ በቀጥታ እናታችን ትሁን አክስታችን ሊቃውንቱም አልጨረሱትም። ከቆጠራው መሀል ግን «እዚህ ላይ ሰው ያልሆነች እናት ሰው ወለደች» የሚባልበት ሰከንድ አይገኝም። ሁሉም እናት የወለደችው እሷን የሚመስል ልጅ ነው።

ድንቅነሽን ካነሳን አይቀር፣ የእኛን እንቆቅልሽ እሷ ትሸከመዋለች። ዶናልድ ጆሃንሰን ሐዳር ላይ ያገኛት ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በተረሸኑ ማግስት። አገሩ የትናንቱን ሬሳ ሲቆጥር አፋር ላይ የዛሬ 3 ሚሊዮን ዓመቷ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ካፌ በስሟ ይከፈታል፤ የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን «ሉሲዎቹ» ነው፤ የቱሪዝም መለያችን «ምድረ ቀደምት» ይላል። እንግዳ ሲመጣ «የሰው ዘር መገኛ ነን» እንላለን። ያው ሰው ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ «አዳም የተፈጠረው ከ7 ሺህ 500 ዓመት በፊት ነው» ቢል ማንም አይደነግጥም። አጥንቷን ለኩራት ተቀበልናት፤ ዕድሜዋን ግን ከሙዚየሙ በር መለስነው።

ነገሩ ከሩቅ አገር መጣ እንዳይባል ደግሞ የትግራይ ልጆች እጃቸውን አስገብተውበታል። አክሱም የተወለደው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከቡድኑ ጋር ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን አገኘ። ከተጣበቀባት ድንጋይ አጥንቷን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እየፋቀ ለማላቀቅ ዓመታት ፈጀበት፤ ስሟንም «ሰላም» አላት። የአዲግራቱ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ገና በተማሪነቱ ከአራሚስ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷን «አርዲ» የመጀመሪያ ቁራጮች ለቀመ። ቆይቶም ወራንሶ ሚሌ ላይ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ይዞ ብቅ አለ፤ የዚያን ቅል የመጀመሪያ ቁራጭ ያየው ግን አንድ የአፋር አርብቶ አደር ነበር። አፋር ደግሞ ለመቐለ ሩቅ አይደለም። የጨው ግመል የሚወርድበትና የሚወጣበት አገር ነው፤ ለዘመናት የበላነው ጨው ከዚያው ነው።

እንግዲህ ትምህርት ቤትስ? አሜሪካ ውስጥ በ1925 እ.ኤ.አ. ቴኔሲ ዴይተን ላይ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር ዝግመተ ለውጥ አስተማርክ ተብሎ ተከሶ 100 ዶላር ተፈርዶበታል። እኛ ዘንድ ክስም፣ ሰልፍም፣ ክልከላም የለም። የእኛ መንገድ ጨዋ ነው፤ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ መተው። በኮቪድና በጦርነቱ ምክንያት ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ርቆ የቆየው የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ሰንበት ትምህርት ቤትም ይማራል፤ ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረታት በየዕለታቸው ይዘረዝራል። ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ ብጠይቀው ያለ አንዳች ስህተት ተረከልኝ። «ታዲያ ምን ይመስልሃል?» ስለው ሳቀብኝ። «ኣኮይ (አጎቴ)፣ ለፈተና እኮ ነው!»

መምህሩም ምዕራፉን ሲጀምሩ ይህንኑ እንዳሏቸው ነገረኝ። በእሳቸው አልፈርድም። እስከ ቅርብ ዓመታት በሥራ ላይ የነበረው የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ስለ ሕይወት አጀማመር ሲያስተምር፣ ልዩ ፍጥረትን፣ ሕይወት ከግዑዝ ነገር በድንገት ይገኛል የሚለውን የጥንት አሳብ፣ ከሕዋ መጣች የሚለውንና የኬሚስቶቹን ማብራሪያ ተራ በተራ ይደረድራቸው ነበር። የሃይማኖት ቃልና ፓስተር በብልቃጥ ሙከራ ውድቅ ያደረገው አሳብ በአንድ ዝርዝር ተሰለፉ። እኔ እንደማየው ይህ ለሁለቱም ስድብ ነው፤ ሃይማኖቱን ወደ መላምት ያወርደዋል፣ ሳይንሱን ደግሞ ወደ ምርጫ ጥያቄ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን የዝግመተ ለውጥ ሊቅ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን እንደነበረ በዚያ ምዕራፍ ግርጌ አንድ መስመር ቢጻፍ፣ ለእህቴ ልጅ ከአስር ገጽ ይልቅ ይጠቅመው ነበር።

ከሁሉም የማልዘነጋው ግን የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ ነው። ወጣት ነው፣ ሥራውን ያውቃል። አንዲት እናት አሞክሳሲሊን በፍሬ ስትጠይቀው «ሙሉውን ካልጨረሱት ጀርሙ መድኃኒቱን ይላመዳል» ብሎ መለሳት። ደስ አለኝና «ይኸው ዳርዊን» አልኩት። ፊቱ ተቀያየረ። «እሱ ሌላ ነው፣ ጀርሙ ጀርም እንደሆነ ነው የቀረው» አለኝ። እውነተኛው ክርክር ይህ ነው፣ ከዝንጀሮው ይልቅ መልስ የሚገባው። ትንሹን ለውጥ ሁሉም ይቀበላል፤ ትልቁን ነው የሚከለክሉት።

እዚህም ላይ ቋንቋችን ሸውዶናል። «መድኃኒት ተላመደ» ስንል አንዱ ጀርም ቀስ በቀስ የለመደ ይመስለናል፣ ሰው አረቄ እንደሚለምደው። ነገሩ ግን ልምድ አይደለም። ከሚሊዮኖቹ መካከል ጥቂቶቹ ቀድሞውንም በትንሽ ነገር የተለዩ ነበሩ፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ፈጀና ሜዳውን ለእነሱ ለቀቀላቸው። የለመደ የለም፤ የቀረ ነው ያለው።

ወባን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ትኩሳት ይዞት የተመለሰ ዘመድ የሌለው ቤት እዚህ ጥቂት ነው። ለከባዱ ወባ ድሮ ክሎሮኪን ነበር፤ አልሠራም ሲል ፋንሲዳር መጣ፤ እሱም ሲከዳ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ኮአርተም ተተካ። የቅርቡ ደግሞ ይብሳል። በጤና ኬላ ከጣት ጠብታ ደም ወስዶ በደቂቃዎች የሚነግረው ፈጣን መመርመሪያ ይፈልግ የነበረው የከባዱ ወባ ተሕዋሲ የሚለቀውን አንድ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታዲያ ያንን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጎደላቸው ተሕዋስያን መብዛታቸውን አገኘ። ከባዱ ወባ ከያዛቸው መካከል በዚህ ጉድለት የተነሳ በመመርመሪያው «ወባ የለብህም» የሚባሉት 10 በመቶ ገደማ ደርሰው ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይቀየር የሚለው 5 በመቶ ሲሞላ ነው። አሠራሩን ልብ በሉ። ፕሮቲኑ ያለው ይያዛል፣ በኮአርተም ይገደላል። የጎደለው ሰውዬውን ይዞት ቤቱ ይገባል፣ በትንኝ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፣ ይወልዳል፣ ይዋለዳል። በምርመራችን እኛው ራሳችን መረጥንለት። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጽሑፍ በርዕሱ ላይ የተጠቀመበት ግስ የዝግመተ ለውጥ ግስ ነው፣ በሌላ መጻፍ ስለማይቻል።

ወጣቱ እንዳለው ወባው ወባ ሆኖ ቀርቷል፣ እውነት ነው። ግን ይህ ሁሉ የሆነው በሰው የአንድ ዕድሜ ውስጥ ነው። በኣቦይ 7,518 ላይ ትልቁን ለውጥ የሚጠይቅ ሰው እንቢ ቢባል ልክ ነው፤ ጊዜው አይበቃምና። ክርክሩ ስለ ዝንጀሮ ቢመስልም ከሥሩ ስለ ጊዜ ነው። ጊዜው ከተገኘ ሌላው ይከተላል።

ጊዜው ደግሞ መቐለ ውስጥ በግድግዳ ተገንብቶ ይታያል። ከተማይቱ የተቀመጠችበትና ቤቶቿ የተሠሩበት የኖራ ድንጋይ በዓለም ጂኦሎጂ «አንታሎ» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ከናፒየር ጦር ጋር በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው እንግሊዛዊ ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ ነው፤ ከመቐለ በስተደቡብ ሕንጣሎን ሲያልፍ። ጦሩ አፄ ቴዎድሮስን ፍለጋ ሲጣደፍ እሱ ድንጋይ ሲያነሳና ሲጥል ነበር። ጎንድዋና የሚባለው አሮጌ አህጉር ሲሰነጠቅ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ ይህን አገር አለበሰው፤ ዛጎሉ፣ ኮራሉ፣ ቀንድ አውጣው እየሞተ ወደ ወለሉ ወረደ። ክምሩ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ውፍረት አለው፤ መሰቦ ሲሚንቶ የሚፈጨውም ከዚሁ የኖራ ድንጋይ ነው። በዚህች ከተማ ኮንክሪት ያፈሰሰ ሁሉ የባሕር ፍጥረት አፍስሷል።

ስለዚህ ኣቦይ እውነቱን ግማሽ ይዘውታል፤ ውኃ ነበር። ከ500 ዓመት በፊት የጣልያን ተራሮች ላይ ዛጎል ያገኙ ሰዎችም የጥፋት ውኃ ነው ብለው ነበር። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው በአንድ ጎርፍ የመጣ ቢሆን እንዲህ በየንጣፉ ተራርቆ ባልተቀመጠ ብሎ የተጠራጠረው። በአንታሎ ድንጋይ ውስጥ የበሬ፣ የፍየል፣ የሰው አጥንት ተገኝቶ አያውቅም፤ የአንድ ዓመት ጎርፍ ቢሆን ሁሉንም ቀላቅሎ በጣለ። ኮራል በቦታው ያደገበት፣ ትል የባሕሩን ጭቃ የቦረቦረበት ምልክት ግን ሞልቷል፤ ኑሮ የነበረበት ወለል ነው።

እናቴም በዚህ ክርክር ገብታለች፣ ሳታስበው። እንደርታ ገጠር ሳለች በአውድማ ላይ ደህና ደህናውን ራስ እየመረጠች ለዘር ታስቀምጥ ነበር። ስንዴና ገብስ ቀላቅለው የሚዘሩትን ሓንፈፅ ስታወራ «ዝናብ ቢያጥር አንደኛው ይተርፋል» ትላለች። ዳርዊን መጽሐፉን የጀመረው ከዚህ ነው፤ ከአርቢዎችና ከርግብ አሳዳጊዎች ምርጫ። ዘር ማለት በእኛ ቋንቋ የሚዘራውም የሚቆጠረውም ነው። በሚዘራው እናቴ ከማንም ትቀድማለች፤ በሚቆጠረው ግን «ተው እንጂ» ትለኛለች። እኔም እተዋለሁ። እናት ናት።

አጥሩ ሊያልቅ ሲል ኣቦይ ያንን ዛጎል ያለበትን ድንጋይ ከጥግ አነሱት። ከበሩ ቀኝ፣ በዓይን ልክ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርገው ገነቡት። «የኖኅን ምስክር ወደ ውስጥ አዙሬ ልቅበረው?» አሉ፣ ምንም ሳልናገር። በማግስቱ የቀረችውን ክፍተት ሊሞሉ ሲመጡ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩት ነገር ነበር። ፈትተው ሰጡኝ፤ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ ግማሹ ድንጋይ ውስጥ የቀረ።

«ይህኛውስ ስንት ዓመቱ ይሆን?»

«ከየት አገኙት?»

«ከካባው። ያኛው ከላይኛው ንጣፍ ነበር፣ ይህ ከታችኛው ነው። እንግዲያማ ይህ ይቀድማል» አሉ፣ ራሳቸው መልሰው።

እንዴት አወቁ ብላቸው እንደ ሞኝ አዩኝ። «ወደይ፣ አርባ ዓመት ገንብቻለሁ። የታችኛውን ሳታነጥፍ የላይኛውን የምታነጥፈው በምን ላይ ነው?»